የወፍጮ ኩሽኔታና ቺንጋ ስትቀይሩ እነዚህን አታድርጉ

ባለፈው ሰሞን አንድ ወፍጮ ቤት ተጠርቼ ሄድኩ። ኩሽኔታው፣ ማለትም የሚዞረውን ዘንግ የሚሸከመው ባለኳስ ቀለበት፣ ከተቀየረ ገና ሦስት ሳምንቱ ነው፤ ጩኸቱ ግን ከመንገድ ማዶ ይሰማል። ባለቤቱ «ዘንድሮ የሚመጣው ዕቃ ሁሉ ውሸት ነው» አሉኝ። ፈታሁት። የኩሽኔታው ጠርዝ ዙሪያውን በመዶሻ ተነቃቅሷል። ዕቃው ምን በወጣው!

ይሄን ነገር ስንት ጊዜ እንዳየሁ ቆጠራውን ትቼዋለሁ። ስለዚህ ከመዶሻው እንጀምር።

በመዶሻ ቀጥቅጦ ማስገባት

ኩሽኔታ ሁለት ቀለበት ነው፤ የውስጥና የውጭ። በመሃል ኳሶች አሉ። ሻፍት (የሚዞረው ዘንግ) ላይ ስታስገቡት ጠበቅ ብሎ የሚይዘው የውስጡ ቀለበት ነው። የውጩን ከመታችሁ ግን ዱላው በኳሶቹ በኩል ነው የሚያልፈው። እያንዳንዷ ኳስ የምትሄድበትን መንገድ ትሰረጉደዋለች። ስርጉዱ በዓይን አይታይም። ወፍጮው ሲዞር ግን ኳሶቹ በደቂቃ ሺህ ጊዜ እዚያች ጉድጓድ ላይ ይዘላሉ። በሳምንቱ ማጉረምረም ይጀምራል። በወሩ ይጮሃል። ከዚያ «ዕቃው ውሸት ነው» ይባላል። እኔ እስካየሁት ድረስ አብዛኛው ኩሽኔታ አርጅቶ አይደለም የሚሞተው፤ በተገጠመበት ቀን ነው የሚገደለው።

ታዲያ እንዴት ይግባ? አፉ የውስጡን ቀለበት ብቻ የሚነካ ቱቦ ፈልጉ። ቱቦውን አስደግፋችሁ ቀስ እያላችሁ ዙሪያውን እኩል ምቱ። ከዚህም የሚሻል አለ። ኩሽኔታውን በሽቦ አንጠልጥላችሁ ዘይት ውስጥ አሙቁት፤ የድስቱን ታች እንዳይነካ። 100 ዲግሪ አካባቢ ይበቃዋል። ሰፍቶ ያለ ምንም ዱላ ሸርተት ብሎ ይገባል። ከ120 አታሳልፉት። ጎንና ጎኑ በጎማ ወይም በቆርቆሮ የተሸፈነውን ግን ዘይት ውስጥ አትክተቱ፤ ከፋብሪካ የተሞላለት ግራሶ (ማለስለሻ ቅባት) ይታጠብበታል።

እኔ ልጅ እያለሁ በጋዝ እሳት ነበር የማሞቀው። ሰማያዊ እስኪሆን። ያን ቀለም ሳይ ደስ ይለኝ ነበር፣ የበሰለ መስሎኝ። ብረቱ ጥንካሬውን ያጣበት ቀለም መሆኑን የነገሩኝ አለቃዬ ናቸው፤ የነገሩኝ ደግሞ በጥፊ ነው።

ሌላው ደግሞ ሻፍቱ አልቆ ኩሽኔታው ሲላላ የለስላሳ መጠጥ ቆርቆሮ መጠቅለል። ወይም ሻፍቱን በሹል ብረት ነቃቅሶ «ማወፈር»። ሁለቱም ለአንድ ሳምንት ይይዛሉ። ቶርኖ ቤት ይሂድ። ተበይዶ ይሞላል፣ በልኩ ይላጣል፣ አለቀ።

ቁጥሩን ሳያነቡ መርካቶ መሄድ

«ይቺን የምታክል ስጠኝ» አይባልም። ቁጥሩ ጠርዙ ላይ ተጽፏል፤ በላምባ ጥረጉና አንብቡት። በብዙዎቹ ላይ የመጨረሻዎቹን ሁለት አሃዞች በ5 ስታባዙ የቀዳዳው ስፋት በሚሊሜትር ይወጣል። 6206 ከሆነ 30፣ 6308 ከሆነ 40። ከቁጥሩ በኋላ ያለችውንም ፊደል ጻፏት፤ ያለምክንያት አልተጻፈችም።

ቺንጋን እንደ ክራር ጅማት መወጠር

ቺንጋ የሞተሩን ዙረት ወደ ወፍጮው የሚያደርሰው የጎማ ቀበቶ ነው። ወፍጮው ጤፍ ሲበዛበት ቺንጋው ይንሸራተታል። ያቃጥላል፣ ይሸታል። ባለቤቱ ሞተሩን ወደ ኋላ ይስባሉ። ነገ ደግሞ ይንሸራተታል፣ ደግሞ ይስባሉ። መጨረሻ ላይ ቺንጋው ሲነኩት ይዘፍናል። ያ ሁሉ ጉልበት የት የሚያርፍ ይመስላችኋል? ፑሊው፣ ማለትም ቺንጋው የሚዞርበት ባለቦይ መዘውር፣ አጠገብ ያለው ኩሽኔታ ላይ ነው። ቺንጋ ያበላሸውን ኩሽኔታ ቀይረው፣ ቺንጋውን እንደገና ያንኑ ያህል ወጥረው፣ በወሩ መልሰው የሚጠሩኝ ደንበኞች አሉኝ። እንጀራዬ ናቸው፣ ግን ያሳዝኑኛል።

መጀመሪያ ፑሊውን እዩ። ቺንጋ የሚይዘው በጎንና ጎኑ እንጂ በሆዱ አይደለም። የፑሊው ቦይ ታችኛው ወለል የሚያብለጨልጭ ከሆነ ቺንጋው ታች ወርዶ ሆዱ እየተፋተገ ነው ማለት ነው። ጎኖቹ አልቀዋል። የፈለጋችሁትን ያህል ብትወጥሩ አይይዝም። የሚቀየረው ፑሊው ነው። ሬንጅ የሚቀቡም አሉ። ስለ እነሱ ምንም አልልም።

ልኩ እንዲህ ነው፦ በሁለቱ ፑሊዎች መካከል ያለው ርቀት አንድ ሜትር ከሆነ፣ መሃሉን በአውራ ጣት ጠንከር አድርጋችሁ ስትጫኑት አንድ ሴንቲ ተኩል ያህል ይርገብ። አዲስ ቺንጋ ይለጠጣል። በአንድ በሁለት ቀኑ ተመለሱና እዩት።

ፑሊዎቹ ትይዩ መሆናቸውን በሲባጎ ለኩ። ሲባጎው የሁለቱንም ፑሊ ጠርዝ፣ በጠቅላላው አራት ቦታ ካልነካ አንዱ ዞሯል። ቺንጋው በአንድ ጎኑ ብቻ ያልቃል።

ሦስት ቺንጋ ካለ ሦስቱንም ቀይሩ። አንዱን ብቻ ከቀየራችሁ አዲሱ አጠር ስለሚል ሸክሙን ብቻውን ይጎትታል።

በካቻቢቴ እየፈለቀቁ ማስገባትም ይቅር፤ የሞተሩን ብሎኖች አላልታችሁ ወደ ፊት ግፉት። ርዝመቱን ስትገዙ አትደናገጡ፤ አንዱ ላይ ቢ75፣ ሌላው ላይ ቢ1905 ኤል አይ ቢል አንድ ነው። 75 ኢንች ማለት 1905 ሚሊሜትር ነው።

ግራሶ ሲበዛ ደግ ይመስላል

አይደለም። የኩሽኔታው ቤት ጥግ እስከ ጥግ ከሞላ ግራሶው ራሱ እየተቦካ ይግላል። ከሲሶ እስከ ግማሽ ይበቃል። የግራሶ መስጫዋን አፍ ሳትጠርጉ አትስጡ፤ የተለጠፈባትን የጤፍ ዱቄት ራሳችሁ ወደ ውስጥ ትገፉታላችሁ። ምንነቱ የማይታወቅ ግራሶም በነበረው ላይ አትደርቡ።

ብየዳ

ወፍጮው ላይ ስትበይዱ የመሬቱን ሽቦ ብየዳው አጠገብ እሰሩት። እግሩ ላይ አስራችሁ ሻፍቱን ከበየዳችሁ ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታው ውስጥ ያልፍና ኳሶቹን ይበላቸዋል። ይሄንን ሁለት አዲስ ኩሽኔታ ከኪሴ ከከፈልኩ በኋላ ነው የተማርኩት።

«መብራት ሄዷል፣ ችግር የለም»

ከሁሉም የምጠላው ይሄንን ነው። መብራት ሲጠፋ ወፍጮ ቤት ሥራ ይፈታል። «እስኪመጣ ቺንጋዋን እንቀይር» ይባላል። ማጥፊያው ግን እንደተከፈተ ነው! መብራት ሲመጣ ማንንም አያስፈቅድም።

አንድ የጾም መያዣ ዋዜማ፣ ሰልፉ በር ላይ ቆሟል፣ እኔ ጣቴን ፑሊና ቺንጋ መሃል አስገብቻለሁ። ረዳቴ «ጋሼ፣ የጎረቤት ሬድዮ ጀመረ» አለ። እጄን መዘዝኩ። ሞተሩ ተነሳ። ማጥፊያው መብራት ሲመለስ ሞተሩ በራሱ እንዳይነሳ የሚያደርግ ዓይነት አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ማጥፊያውን አጠፋለሁ፣ ፊውዙን ነቅዬ ኪሴ ውስጥ እከታለሁ። ባለቤቶቹ ይስቁብኛል። ይሳቁ።

እና መከለያው። ወፍጮ ቤት የሚመጡት እናቶች ነጠላ ለብሰው ነው። ነጠላና ቺንጋ ምን እንደሚያደርጉ አልነግራችሁም። ሥራ ስትጨርሱ መከለያውን መልሳችሁ ካልገጠማችሁ ሥራው አላለቀም።

ያን በመዶሻ የተቀጠቀጠውን ወፍጮ ጨርሼ «መከለያው የታለ?» ብዬ ጠየቅኩ። ተፈለገ፣ ተፈለገ። ጓሮ የዶሮ ቤት በር ሆኖ ተገኘ። ነቅዬ ገጠምኩት። ዶሮዎቹ ያን ዕለት ኩሽና አደሩ።