ሳሎን ውስጥ ሐዲድ ለምትዘረጉ

ከቤተሰብና ከጓደኛ ጋር ትልቅ የሞዴል ባቡር ገበታ ለመሥራት የተሰበሰበ የወሎ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ተራራውን ነው። ጦሳ በዚህ ይሁን፣ አዝዋ ገደል በዚያ፣ ባቡሩም ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ደሴ ይውጣ ይላል። ያየሁት ገበታ ሁሉ ማለት ይቻላል በዚህ ሐሳብ ተጀምሯል፤ መጨረሻውም አንድ ነው። ሎኮሞቲቩ ዳገቱ መሐል ሲደርስ ጎማው ባለበት ይሽከረከራል፣ ፉርጎዎቹ ወደ ኋላ ይንሸራተታሉ፣ ልጆቹም በእጃቸው መግፋት ይጀምራሉ። እባካችሁ ይህን ተዉት።

ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። የመኪናው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ በየ100 ሜትሩ በአማካይ 2.6 ሜትር ትወጣላችሁ። ለአይሱዙ ይህ ምንም አይደለም። ብረት በብረት ላይ ሲሄድ ግን እንደ ጎማ መሬት አይነክስም፤ ለባቡር ከባድ ዳገት ነው። ከአዋሽ ተነሥቶ በኮምቦልቻ ወደ ሐራ ገበያ የተዘረጋው እውነተኛው ሐዲድ እንኳ ደሴ አልወጣም። በሞዴል ደግሞ፣ በብዙ ቤት በሚሠራበት በ1፡87 መጠን (ከእውነተኛው 87 ጊዜ ባነሰ)፣ የሁለቱ ከተሞች የከፍታ ልዩነት ከ7 ሜትር ይበልጣል። የማን ጣሪያ ይበቃዋል?

ስለዚህ ተራራውን ለዓይን ሥሩት። ከጀርባ ይቁም፣ ባቡሩ በግርጌው ይለፍ። ዳገት የግድ ካማራችሁ በ1 ሜትር ሐዲድ ከ2 ሳንቲሜትር በላይ አትውጡ፤ ኩርባ ላይ ከሆነ ከዚያም ቀንሱ፣ ኩርባው ራሱ ባቡሩን ይይዘዋልና። አንድ ሐዲድ በሌላው ላይ በድልድይ እንዲሻገር ቢያንስ 8 ሳንቲሜትር ከፍታ ይፈልጋል፤ ይህ 4 ሜትር መውጫ፣ 4 ሜትር መውረጃ ነው። ሳሎኑ ይህን ካልቻለ ድልድዩ ይቅር። ዳገቱም በድንገት አይጀምር። መነሻው ከተሰበረ የሎኮሞቲቩ አፍንጫ ይነሣል፣ ማያያዣው ይለቃል። ሁልጊዜ ውሃ ልክ በእጃችሁ ይሁን።

ሁለተኛው ስህተት ዘመድ በሻንጣ የላከውን ሁሉ አንድ ገበታ ላይ ማውጣት ነው። የ1፡87 ባቡር በ16.5 ሚሊሜትር ሐዲድ ይሄዳል፣ የ1፡160 በ9 ሚሊሜትር፤ አይዋደዱም። አብዛኛው የጀርመኑ የሜርክሊን ፋብሪካ ባቡር ደግሞ ስፋቱ 16.5 ቢሆንም ኤሌክትሪኩን ከመሐል ስለሚወስድ የግራና የቀኝ ጎማዎቹ የተያያዙ ናቸው፤ ኤሌክትሪኩ በግራና በቀኝ ብረቱ በሚሄድበት በተራው ሐዲድ ላይ ሲቀመጥ ሾርት ያደርጋል። ከአሜሪካ የመጣ ትራንስፎርመር ለ120 ቮልት የተሠራ ነው። አንድ ወዳጄ ቤት እህቱ የላከችው በመጣ ማግሥት እኛ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ሲጨስ አይቻለሁ፤ ልጆቹ አለቀሱ። ጀርባውን አንብቡ፣ 220 ካላለ አትሰኩት።

ድሬዳዋን የሚያውቁ አባት ካሉ የድሮው የጅቡቲ ባቡርም ይሠራልኝ ማለታቸው አይቀርም። ደስ ይላል፣ ይሠራላቸው። ግን የድሮው ሐዲድ ስፋት 1 ሜትር ነበር፣ የአሁኑ 1,435 ሚሊሜትር ነው፤ በ1፡87 የድሮው 12 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ለብቻው አጭር መስመር ዘርጉላቸው።

እርጥብ ባሕር ዛፍ አትጠቀሙ። ደሴ በሐምሌና በነሐሴ ጉሙ ቤት ድረስ ይገባል፣ ጥቅምት ሲመጣ እንጨቱ ይኮማተራል፣ ሐዲዱ ይጣመማል። አንድ የደሴ አናጢ ጎረምሶች ተቻኩለው ሲለምኗቸው “ልጆቼ፣ ይሄ እንጨት ገና ውሃውን አልጨረሰም” ብለው መልሰዋቸዋል፤ ልክ ነበሩ። የደረቀ እንጨት ከኮምፔንሳቶ ጋር፣ በምስማር ሳይሆን በብሎን።

ቤቱ ኪራይ ከሆነ ገበታውን በአንድ ወጥ አትሥሩት። ከ120 በ60 ሳንቲሜትር የማይበልጡ ክፍሎች አድርጋችሁ በቡሎን አያይዟቸው። አከራይ ልቀቁ ሲል በመጋዝ የተቆረጠ ገበታ አይቻለሁ፤ በርካታ ሰው ክረምቱን ሙሉ የደከመበት ነበር፣ ከዚያ ወዲያ አልተገጠመም። ወርዱም ግድግዳ ሥር ከሆነ ከ75 ሳንቲሜትር አይለፍ፤ ባቡር የሚወድቀው እጅ በማይደርስበት ነው።

ሽቦ ላይ ደግሞ ብዙ እጅ ብዙ ችግር ነው። ወንድም አንዱን ጫፍ፣ ጓደኛ ሌላውን ሲያያይዝ ቀዩ በአንዱ ክፍል ወደ ግድግዳ፣ በሌላው ወደ ሰው ይሆንና ሲገጠም ሾርት ነው። ሐዲዱ ሳይዞር በግድግዳው ልክ የሚሄድ ከሆነ አንድ ሕግ አውጡ፣ ገበታው እግር ላይ ጻፉት፦ ቀይ ወደ ግድግዳ፣ ጥቁር ወደ እኛ። ከታች ወፍራም የቤት ሽቦ ዘርጉ፣ በየ1 ሜትሩ ቀጭን ሽቦ ወደ ሐዲዱ አውጡ፤ ሐዲድ ብቻውን ኤሌክትሪክ ሩቅ አያደርስም። ሐዲዱ ዞሮ በመጣበት መስመር ላይ ተመልሶ የሚገባበት ቀለበት ካለ ቀዩና ጥቁሩ መገናኘታቸው የማይቀር ነውና የዚያን ክፍል ሐዲድ በሁለቱም ጫፍ ቆርጣችሁ ቀዩንና ጥቁሩን በሚያቀያይር በራሱ ማብሪያ አዙሩት።

ዋሻ ስትሠሩ ከኋላ እጅ የሚያስገባ ክፍት ተዉ። የተራራውን ጀሶም ባቡሩ ብዙ ጊዜ ሳይወድቅ ከተመላለሰ በኋላ ብቻ አፍስሱ።

ሐዲድ በአሸዋ ወረቀትም ሆነ በብረት ሱፍ አይጸዳም፤ የመጀመሪያው ይቧጭረዋል፣ የሁለተኛው ብናኝ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። ንጹሕ ጨርቅና አልኮል ይበቃል። ቡና ገበታው አጠገብ አይፈላ። የዕጣኑ ጭስ ሐዲዱን ቅባት ያለብሰዋል፣ የከሰሉ ብናኝም ይቀመጥበታል። አቦሉም በረካውም በሌላው ክፍል ይጠጣ።

ገንዘብ እንደ ቅሬ (እድር) መዋጮ በደብተር ይያዝ፤ የማን ምን እንደሆነም ፉርጎው ሆድ ላይ ይጻፍ። ያልተጻፈበት ቤት፣ ልጁ ለሥራ አዲስ አበባ ሲሄድ ሎኮሞቲቩን ይዞ ሄደ፤ እሱ የራሱ ነው ይላል፣ ወንድሞቹ የጋራ ነው ይላሉ፣ ገበታው በሸራ ተሸፍኖ ቆሟል።

ልጆችን “አትንኩ” እያላችሁ አታርቋቸው። የሐዲድ መቀየሪያውን ለእነሱ ስጧቸው፤ ከኛ ይልቅ እነሱ ያስታውሱታል፣ ባቡሩ በየትኛው መስመር እንደሚገባም ቀድመው ይጮኻሉ። ታናናሾቹ ዛፍ ይሥሩ፤ የደረቀ የቀጋ ቅርንጫፍ ጫፍ በ1፡87 ትልቅ ዋርካ ይመስላል። ጨዋታው ሲያልቅ ትራንስፎርመሩን ከሶኬት የሚነቅል አንድ ልጅ ይኑር፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ ገበታውን የሚያቃጥለው በዚያ ሰዓት ነው።