«ካርዱ ተቃጥሏል» ከማለታችሁ በፊት፦ በፒኤልሲ አናሎግ አውትፑት ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ፒኤልሲ (የፋብሪካ ማሽኖችን የሚቆጣጠረው ኮምፒውተር) ለቫልቭ «ይህን ያህል ክፈት» የሚለው በአናሎግ አውትፑት ካርዱ ወይም ሞጁሉ በሚልከው ሲግናል ነው። ቫልቩ አልታዘዝ ሲል መጀመሪያ የሚከሰሰው ይሄው ካርድ ነው። «አናሎግ አውትፑቱ ተቃጥሏል» ይባልና አዲስ ይታዘዛል። ሞጁል ከውጭ እስኪገባ ስንት እንደሚያስጠብቅ ደግሞ ፋብሪካ ውስጥ የሠራ ያውቀዋል። ብዙ ጊዜ ግን ካርዱ ደህና ነው፤ ጥፋቱ ያለው ሽቦው፣ ሴቲንጉ ወይም ፕሮግራሙ ላይ ነው።

እኔ ቁጥር አንድ የምለው ስህተት የጭነቱን፣ ማለትም ሲግናሉን የሚቀበሉትን መሣሪያዎች፣ ኦም አለመደመር ነው። 4-20 ሚሊአምፒር የሚልክ ቻናል (4 ማለት 0%፣ 20 ማለት 100% ነው) ከረንቱን ለመግፋት ቮልቴጅ ይፈልጋል፤ ቮልቴጁ ደግሞ ገደብ አለው። የሲመንስ ኤስ7-1200 አናሎግ አውትፑት ሞጁል ለምሳሌ በከረንት የሚፈቀድለት እስከ 600 ኦም ነው። በ20 ሚሊአምፒር ሲሰላ 12 ቮልት መሆኑ ነው። አሁን 500 ኦም የሆነ ፖዚሽነር (ሲግናሉን ተቀብሎ ቫልቩን የሚያንቀሳቅሰው መሣሪያ) አለ እንበል። ብቻውን ሲሆን ችግር የለም። ከዚያ አንድ ሰው ይመጣና «ሪከርደሩም ያንብበው» ብሎ 250 ኦም በሲሪስ (በዚያው መስመር ላይ በተከታታይ) ይጨምርበታል። ድምሩ 750 ኦም ሆነ። ካርዱ ከ12 ቮልት በላይ ካልሰጠ የሚያልፈው 16 ሚሊአምፒር ብቻ ነው። ቫልቩ 75% ላይ ይቆማል፤ ከዚያ በላይ ብታዙት ንቅንቅ አይልም። ክፋቱ ከ75% በታች ሁሉም ነገር ልክ መምሰሉ ነው። 50% ሞክሮ «ሠርቷል» ብሎ የሄደ ሰው በጭራሽ አይደርስበትም። ስለዚህ እስከ 100% ድረስ ሞክሩ። ሁለት መሣሪያ አንድ ሲግናል የሚጋራ ከሆነ ሲግናል ስፕሊተር (ሲግናሉን ለሁለት የሚያካፍል መሣሪያ) ይግባ።

ሌላው 24 ቮልት ደርቦ ማስገባት ነው። የሁለት ሽቦ ትራንስሚተር (የለካውን ወደ ፒኤልሲው ኢንፑት የሚልክ መሣሪያ) ስናስር 24 ቮልት በሲሪስ እናስገባለን። ያው ልማድ ወደ አውትፑቱም ይዞን ይመጣል። የአብዛኞቹ ካርዶች ከረንት አውትፑት ግን ኃይሉን ራሱ ነው የሚሰጠው። ሌላ ፓወር ሰፕላይ ካከላችሁበት ሁለቱ ይጋፋሉ። ያኔ ካርዱ የምርም ሊቃጠል ይችላል! ከውጭ ኃይል የሚፈልጉ ካርዶችም ስላሉ በግምት አትሥሩ፣ የካርዱን የሽቦ ሥዕል እዩ።

የሬንጅ አለመጣጣም ደግሞ ተንኮለኛ ነው። ሲግናሉን የሚቀበለው ድራይቭ (የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ) ነው፤ ሞጁሉ 0-20 ላይ፣ ድራይቩ 4-20 ላይ ተቀምጧል እንበል። 50% ስታዙ 10 ሚሊአምፒር ይወጣል፤ ድራይቩ ግን 37.5% ብሎ ያነበዋል። እስከ 20% ድረስ ያለው ትእዛዝ ሁሉ ለእሱ ከዜሮ በታች ነው፤ እንደ አቀማመጡም ሽቦ ተበጥሷል ብሎ ፎልት ሊያወጣ ይችላል። ጫፉ 20 ሚሊአምፒር ላይ ግን ሁለቱ ይስማማሉ። 100% ብቻ የሞከረ ሰው የሚሸወደው ለዚህ ነው።

ፕሮግራም ላይ ስትደርሱ ከስኬሊንጉ፣ ማለትም ፐርሰንቱን ለካርዱ ወደሚሰጥ ቁጥር ከመቀየሩ፣ ተጠንቀቁ። በሲመንስ 100% ማለት 27648 ነው፣ 32767 አይደለም። 32767ን ሙሉ አድርጎ ያሰላ ሰው ገና 84% አካባቢ ሲያዝ ቫልቩ ሙሉ ለሙሉ ይከፈታል። በኤስ7-300 ሞጁሎች የባሰ ነገር አለ፦ ቁጥሩ ከ32511 ካለፈ አውትፑቱ ዜሮ ይሆናል። ኦፕሬተሩ 100% ያዛል፣ ቫልቩ ይዘጋል። ያኔ ደግሞ ተወቃሹ ማን እንደሚሆን ግልጽ ነው፦ ካርዱ። የሌላ አምራች ካርድ ሌላ ቁጥር ስላለው ከድሮ ፕሮጀክት ኮፒ አታድርጉ።

ስለ ኬብል ብዙ አልልም። ርቀቱ ረጅም ከሆነ ከ0-10 ቮልት ይልቅ ከረንት ምረጡ። የሲግናል ኬብሉን ከድራይቩ የሞተር ኬብል ጋር በአንድ ትሬይ አትጎትቱ። ሺልዱን (የኬብሉን የብረት መከላከያ ሽፋን) ደግሞ ቢያንስ ከግራውንድ ጋር እሰሩት፤ ተቆርጦ የተንጠለጠለ ሺልድ ጥቅም የለውም።

መለኪያውም ራሱ ያሳስታል። ማልቲሜትሩን ሚሊአምፒር ላይ አድርጋችሁ ከፖዚሽነሩ ጋር በፓራለል ብትነኩት ከረንቱ በሜትሩ በኩል ያልፋል። ስክሪኑ ትክክለኛ ቁጥር ያሳያችኋል፣ ቫልቩ ግን በዚያው ቅጽበት ሲግናሉን ያጣል። መለካት ያለበት በሲሪስ ነው። ለዚያ ደግሞ ሽቦው ሲፈታ ሲግናሉ ስለሚቋረጥ መስመሩ በሥራ ላይ እያለ አትንኩት፤ ወይም መጀመሪያውኑ መፈተሻ ያለው ተርሚናል ግጠሙ።

በመጨረሻ፣ ሲፒዩው (የፒኤልሲው ፕሮግራም የሚሠራበት ክፍል) ስቶፕ ሲል አውትፑቱ ምን እንደሚሆን ሳይወስኑ መተው አለ። በኤስ7-1200 ሁለት ምርጫ አለ፦ የመጨረሻውን ዋጋ መያዝ ወይም አስቀድሞ ወደተሰጠ ዋጋ መሄድ። ካልነካችሁት ወደ 0 ይሄዳል። ለነዳጅ ቫልቭ 0 ጥሩ ነው። ለማቀዝቀዣ ውሃ ቫልቭ ግን 0 ማለት ማሽኑን ማጋል ሊሆን ይችላል። ይሄን የፕሮግራመሩ ግምት ብቻ አይወስነው፤ የፕሮሰስ ኢንጂነሩን ጠይቁ። ከዚያ ምርት በቆመበት ቀን ሲፒዩውን ስቶፕ አድርጋችሁ ቫልቩ አጠገብ ሄዳችሁ እዩት።