የድሮ ጌም አዲስ ዊንዶውስ ላይ ክራሽ ሲያደርግ እንዴት እንደሚስተካከል (በሳን አንድሪያስ እያየን)

ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ ለኮምፒውተር የወጣው በፈረንጆቹ 2005 ነው፣ ያኔ ደግሞ ሁሉም ሰው ጋ የነበረው ዊንዶውስ ኤክስፒ ነው። አሁን ዊንዶውስ 10 ወይ 11 ላይ ስትከፍቱት ስክሪኑ ጥቁር ብሎ ወደ ዴስክቶፕ ከመለሳችሁ ላፕቶፑ አቅም አንሶት እንዳይመስላችሁ፣ ጌሙ ሲሰራ የዛሬው ዊንዶውስ ስላልነበረ ነው። እና ብዙ ሰው የሚሸወደው ዩቲዩብ ላይ ያየውን ሁሉ ባንዴ ይሞክርና ቢሰራም ምኑ እንዳሰራው አያውቅም፣ ባይሰራም ምኑ እንዳበላሸው አያውቅም። ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ፣ ጌሙን ክፈቱ፣ ካልሰራ የቀየራችሁትን መልሱና ወደሚቀጥለው እለፉ።

መጀመሪያ የት ጋ እንደሚዘጋ ለዩ

ገና ሲከፈት ነው? ሴቭ ሎድ ስታደርጉ ነው? ወይስ ግማሽ ሰዓት ከተጫወታችሁ በኋላ? መፍትሄያቸው አንድ አይደለም። ከዛ ስታርት ላይ ኢቨንት ቪወር ብላችሁ ፈልጉ፣ ዊንዶውስ ሎግስ ውስጥ አፕሊኬሽን የሚለውን ክፈቱና ጌሙ በተዘጋበት ሰዓት የተመዘገበውን ቀይ ኤረር ንኩት። እዛ ውስጥ ፎልቲንግ ሞጁል የሚል መስመር አለ፣ ክራሹ የተከሰተበትን ፋይል ስም የሚያሳየው ነው፣ ዋናው ነገር እሱ ነው። የተጻፈው የጌሙ የራሱ ስም ከሆነ ከሴቲንጉ፣ ከሞድ (ጌሙ ላይ ሰዎች ሰርተው የሚጨምሩት ነገር) ወይም ከጎደለ ፋይል ጀምሩ፣ የኢንቪዲያ ወይም የኢንቴል ግራፊክስ ፋይል ከሆነ ደግሞ ድራይቨሩን (ዊንዶውስን ከግራፊክሱ ጋ የሚያግባባውን ፕሮግራም) ከአምራቹ ዌብሳይት አውርዳችሁ አድሱ። በ05 የሚያልቅ ኤክሴፕሽን ኮድ በብዛት ታያላችሁ፣ ጌሙ ያልተፈቀደለት የሜሞሪ ቦታ ነክቷል ማለት ነው፣ ብቻውን ግን ምክንያቱን አይነግራችሁም።

ሴቲንግ ፋይሉን አጥፉ፣ ሴቭ ግን እንዳትነኩ

ገና ሲከፈት ለሚዘጋ ሳን አንድሪያስ ከሁሉም በፊት ይሄን ነው የምመክረው፣ ምክንያቱም ዳታ አይበላም፣ ጊዜም አይፈጅም። ዶክዩመንትስ ውስጥ የጌሙ ስም ያለበት ዩዘር ፋይልስ የሚባል ፎልደር አለ። መጀመሪያ ፎልደሩን እንዳለ ፍላሽ ላይ ኮፒ አድርጉት፣ ሴቮቻችሁ ያሉት እዛው ነው፣ የስንት ሌሊት ሚሽን በአንድ ዲሊት ሲጠፋ በጣም ያሳዝናል። ከዛ ስሙ በ .set የሚያልቀውን ፋይል ብቻ አጥፉ። የስክሪን፣ የድምጽና የኪቦርድ ምርጫችሁን የያዘው እሱ ነው፣ ሲበላሽ ጌሙ እንዳይከፈት ያደርጋል፣ ካጠፋችሁት ጌሙ ራሱ አዲስ ይሰራል። ፎልደሩን ካጣችሁት ዋንድራይቭ ውስጥ ያለውን ዶክዩመንትስ እዩ፣ ዊንዶውስ አንዳንዴ ወደዛ ያዞረዋል።

ቦታውን ቀይሩ

ጌሙ ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ካለ ከቪስታ ወዲህ ዊንዶውስ እዛ ቦታ ላይ ማንም ፕሮግራም እንደልቡ እንዲጽፍ አይፈቅድም፣ የድሮ ጌም ደግሞ እንደዛ መጻፍ የለመደ ነው። ሲ ድራይቭ ላይ ጌምስ የሚል ፎልደር ፈጥራችሁ እዛ አድርጉት። ከሰው በፍላሽ የተቀበላችሁት ከሆነ ሲገለበጥ ፋይል ጎድሎ፣ ወይም አንቲቫይረሱ አንዱን አንስቶ ሊሆን ስለሚችል የፎልደሩን መጠን ከሰጣችሁ ሰው ጋ አስተያዩ።

ኮምፓቲቢሊቲ

የጌሙን አይከን ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ኮምፓቲቢሊቲ። መጀመሪያ ዊንዶውስ ኤክስፒ ሰርቪስ ፓክ 3 የሚለውን ብቻ ምረጡ፣ ካልረዳ ያንን አንሱና የፉልስክሪን ኦፕቲማይዜሽንን የሚያጠፋውን ሞክሩ። ሁሉንም ባንዴ ቲክ ማድረግ አንዳንዴ የሚሰራውን ጌም ራሱ ያቆመዋል።

ሳይለንትፓች

ሳይለንትፓች የጌሙን ስህተቶች የሚያርም ሞድ ነው፣ ለሳን አንድሪያስ አንድ ነገር ብቻ አውርዱ ብባል ይሄን ነው የምለው። አዲስ ዊንዶውስ ላይ ማውሱ አልሰራ የሚለውን ጨምሮ ብዙ ስህተት ያስተካክላል። የሚጫነው በኤኤስአይ ሎደር ነው (ጌሙ ሲከፈት እንዲህ ያሉ ሞዶችን የሚያስነሳ ትንሽ ፋይል)፣ ፋይሎቹን የጌሙ ፎልደር ውስጥ ማስገባት ብቻ ነው።

የድሮ ኮድ በአዲስ ዊንዶውስ እንዴት እንደሚጋለጥ ማየት ከፈለጋችሁ ስኪመር የምትባለዋን ውሃ ላይ የምታርፍ አውሮፕላን ተመልከቱ። ዊንዶውስ 11 24ኤች2 ወደሚባለው ቨርዥን ሲታደስ ሳን አንድሪያስ ውስጥ ከነበረችበት ጠፋች፣ በግድ ሲያስመጧት ደግሞ ተጫዋቹን ይዛ ወደ ሰማይ ተተኮሰች። ሰው ሁሉ ዊንዶውስ አበላሸው አለ፣ ሲጣራ ግን ስህተቱ ከ2004 ጀምሮ ጌሙ ውስጥ የነበረ ነው። የመኪኖቹ ዝርዝር ፋይል ላይ ለእያንዳንዱ የጎማ መጠን ይጻፋል፣ የስኪመር መስመር ላይ ግን የለም፣ ከሱ በፊት በወጣው ጂቲኤ ቫይስ ሲቲ ላይ እንደ ጀልባ ስለተመዘገበች ጎማ አላስፈለጋትም ነበር። ጌሙ ቁጥሩን ሲያጣ ከፊቷ ከተነበበው መኪና ሜሞሪ ላይ የቀረውን ቁጥር እየተጠቀመ በእድል ሲሰራ ኖረ፣ አዲሱ ዊንዶውስ ያቺን የሜሞሪ ቦታ ለራሱ ስራ ሲጠቀምባት ትርጉም የሌለው ቁጥር መጣ። ሳይለንትፓች ይሄንንም አስተካክሎታል።

እግረ መንገዴን፣ ጌሙ ውስጥ ፍሬም ሊሚተር የሚለውን አታጥፉት፣ ፍጥነቱ ሲለቀቅ የጌሙ ዋና ገጸ ባህሪ ሲጄ በደንብ መዋኘት እንኳን ያቅተዋል።

ቆይቶ የሚዘጋ ከሆነ

ከባድ የመኪና ሞድ የጫናችሁ መጀመሪያ ሞዱን አውጡና ሞክሩ። ያለሱ ከሰራ ምናልባት ሜሞሪ ነው፣ ጌሙ 32 ቢት ስለሆነ 16 ጊጋ ራም ቢኖራችሁም የሚጠቀመው እስከ 2 ጊጋ ብቻ ነው። 4 ጊጋ ፓች የሚባለው ይሄን ወደ 4 ያሰፋዋል፣ ዋናውን ፋይል ስለሚቀይር ግን በፊት ኮፒ ያዙ።

ሌላ የድሮ ጌም ከሆነ

ዳይሬክትኤክስ 9 (ጌሞች ምስልና ድምጽ ለማውጣት የሚጠቀሙበት የማይክሮሶፍት ሶፍትዌር) ፋይል ጎደለ ካላችሁ፣ ዊንዶውሱ ዳይሬክትኤክስ 12 ቢኖረውም የድሮዎቹ አጋዥ ፋይሎች ለብቻ ነው የሚመጡት። የጁን 2010ን ፓኬጅ ከማይክሮሶፍት አውርዱ፣ ሙሉው ወደ 100 ሜጋባይት ስለሆነ ፓኬጃችሁ ያላለቀበት ጊዜ ይሁን። አንድ ዲኤልኤል ብቻ ካልታወቀ ሳይት ማውረድ ግን በፍጹም፣ ቫይረስ የሚገባው እንደዛ ነው። ዳይሬክትፕሌይ (የድሮ ጌሞች በኔትወርክ ለመጫወት የሚጠቀሙበት) ከጠየቀ ዊንዶውስ ፊቸርስ ውስጥ ሌጋሲ ኮምፖነንትስ ስር ታገኙታላችሁ። ከዛም የቆየ ጌም ምስሉ ከተበላሸ የድሮ ግራፊክስን ወደ አዲሱ የሚተረጉመውን ዲጂቩዱ 2ን፣ ከዊንዶውስ በፊት የነበረው የዶስ ጌም ከሆነ ዶስን የሚያስመስለውን ዶስቦክስን ተጠቀሙ።

ሲዲ የሚጠይቅና ሴፍዲስክ የተባለ መከላከያ ያለው ጌም ላይ ግን አትድከሙ፣ ዊንዶውስ 10 የሱን ድራይቨር ስለማይቀበል ምንም ሴቲንግ አያስነሳውም፣ ጎግ (GOG) የሚባለው የጌም መሸጫ ዌብሳይት ላይ ያለሲዲ የሚሰራው ቅጂ ካለ እሱ ይሻላል።

አንዴ ከሰራላችሁ ፎልደሩን ከነፓቹ፣ ከሴቩ ጋር ሌላ ዲስክ ላይ ኮፒ አስቀምጡ፣ ዊንዶውስ ፎርማት ስታደርጉ ከዜሮ አትጀምሩም።