ከጎንደር ወደ አሜሪካ ለምትሄዱ፦ በአነጋገራችሁ ሲፈርዱባችሁ

ዲቪ የደረሰው፣ በጋብቻ የሚሄደው፣ ወንድሙ የጠራው ሁሉ ከአዘዞ ከመብረሩ በፊት አንድ ነገር ይጠይቀኛል፤ «እንግሊዝኛዬ ይበቃኛል ወይ?» ከወራት በኋላ ያው ሰው ይደውልና «በአነጋገሬ ሳቁብኝ፣ ሥራ ከለከሉኝ፣ ምን ላድርግ?» ይላል። ያኔ ብዙ ጊዜ ረፍዷል። ሻንጣ ውስጥ በርበሬና ሽሮ ለመጠቅጠቅ ሁለት ሳምንት የሚፈጅ ሰው ይህን ለማወቅ ግማሽ ቀን አይሰጥም። ለሁሉም አንድ ጊዜ ልጻፈው። ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ከእኛ ወገን ያለውን እናጥራ፤ ንቀት የሚመስለው ሁሉ ንቀት አይደለምና። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ የተማረ ሰው ሰዋስው አያጣም። የሚያጣው ሌላ ነው። አማርኛ በአሉታ ሲጠየቅ «አዎ» ብሎ አሉታውን ያጸናል። «ሥልጠናውን አልወሰድህም?» ስንባል «አዎ፣ አልወሰድሁም» እንላለን። «ዲድንት ዩ ቴክ ዘ ትሬኒንግ?» ተብሎ «የስ» ያለ ሰው ግን ወስጃለሁ ማለቱ ነው። ሥራ ቦታ አደጋ ደርሶ ምርመራ ሲጀመር ያቺ «የስ» ውሸት ሆና ትቆጠርበታለች። መፍትሔው «የስ»ንም «ኖ»ንም ብቻቸውን አለመናገር ነው። «አይ ዲድ» ወይም «አይ ዲድንት» በሉ፤ ማንም አይሳሳተውም። ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን «እ» እያልን የምንስማማውንም እነሱ የድንጋጤ ድምፅ አድርገው ይወስዱታል።

አማርኛ አክብሮቱን በግሱ ውስጥ ይሸከማል፤ «ይስጡኝ» ካሉ ሌላ ማስዋቢያ አያስፈልግም። «ጊቭ ሚ ዋተር» ግን ባዶ ትእዛዝ ነው። «ኩድ አይ ጌት» ብላችሁ ጀምሩ። አጭሩንና ረጅሙን «ኢ» ለዩ። ባጭሩ «ሊቭ» መኖር ነው፣ አስረዝመው ሲሉት ትቶ መሄድ ነው። እኖራለሁ ያለ ሰው ልለቅ ነው ያለ ይመስላል። ከሁሉም በላይ ግን ቃሉ የት ላይ እንደሚረገጥ አድምጡ፤ እኛ ክፍለ ቃላቱን እኩል እንረግጣለን፣ እነሱ አንዱን ብቻ ይረግጣሉ። «ፎቶግራፍ» ሲሉ የመጀመሪያውን፣ «ፎቶግራፈር» ሲሉ ሁለተኛውን ይጫኑታል። ድምፁን አጥርታችሁ ጭነቱን ከሳታችሁ ቃሉ ላይገባቸው ይችላል። በቀን 20 ደቂቃ አንድ አጭር ዜና እየሰሙ እኩል ማንበብ፣ ራስን በስልክ መቅዳት፣ ቀድቶ ማወዳደር፤ ለመግባባት ይህ ይበቃል። «አክሰንትህን አጠፋልሃለሁ» ለሚል ትምህርት ገንዘብ አትክፈሉ። አክሰንት፣ ማለትም የአነጋገር ቅላጼ፣ ጉድለት አይደለም።

ይህን ሁሉ አስተካክላችሁም የሚፈርድባችሁ አይጠፋም፤ ምክንያቱን እወቁት። በ1992 ዶናልድ ሩቢን የተባለ ተመራማሪ አንድ አሜሪካዊት የተናገረችውን ያንኑ ቅጂ ለተማሪዎች አሰማ። ለግማሾቹ የነጭ፣ ለግማሾቹ የእስያዊት ፎቶ አሳየ። እስያዊቷን ያዩት አክሰንት ሰማን አሉ፣ ትምህርቱንም ያነሰ ተረዱ። ድምፁ አንድ ነበር። ስለዚህ አንዳንዱ «ዋት?» እያለ ሲያስደግማችሁ ችግሩ ከአፋችሁ ላይወጣ ይችላል፤ ሁለቴ በዝግታ ተናግራችሁ ካልገባው ጽፋችሁ አሳዩትና ለቀቅ አድርጉት።

ቤት ስትከራዩም ይኸው ነው። ጆን ባው የተባለ የቋንቋ ምሁር ባልደረቦቹን ይዞ በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ለአከራዮች በተለያየ አነጋገር እየደወለ አጥንቶታል። ውጤቱን በ1999 አሳተሙት፤ ነጭ በሚበዛበት ሰፈር የጥቁርና የሜክሲኮ አነጋገር የሰሙት አከራዮች ቀጠሮ የሚሰጡት አንሶ ተገኘ። «ሄሎ» የምትለው ቃል ብቻ ማንነትን ለመገመት ትበቃለች። የመጀመሪያውን ጥያቄ በጽሑፍ ላኩ፤ በኢሜይል ወይም በቴክስት። «አለ» ብሎ ጽፎ ድምፃችሁን ሲሰማ «ተይዟል» ካለ ጽሑፉን አስቀምጡ፤ ድምፀ ነጭ የሆነ ወዳጅ በዚያው ቀን ደውሎ ይጠይቅላችሁ። ለቤቶች ሚኒስቴሩ፣ ሃድ ለሚባለው፣ አቤት ለማለት አንድ ዓመት አላችሁ።

ሥራ ላይ ጊዜው ከዚህ በጣም ያጥራል። በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ 15 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ያለው አሠሪ በዘርም በትውልድ አገርም እንዳያዳላ ይከለክላል። አክሰንት ከትውልድ አገር ጋር ይታያል። አሠሪው በአክሰንታችሁ ምክንያት ሊከለክላችሁ የሚችለው አነጋገራችሁ ያንን ሥራ በእርግጥ የሚያውክ ሲሆን ነው። ቀኑን ሙሉ ደንበኛ በስልክ የሚያነጋግር ሰውና ዌርሃውስ ውስጥ ካርቶን የሚደረድር ሰው አንድ ሚዛን ላይ አይቀመጡም። «እዚህ ከእንግሊዝኛ ሌላ አይነገርም» የሚል ደንብ ምሳ ሰዓትንና የእረፍት ክፍልን ጨምሮ ሁልጊዜ የሚሠራ ከሆነ የሥራ አድልዎን በሚመረምረው የፌዴራል ኮሚሽን፣ በኢኢኦሲ፣ መመሪያ አድልዎ ተደርጎ ይገመታል፤ ለደኅንነት ወይም ለሥራው ግድ በሚሆንበት ሰዓት ብቻ ከሆነ ግን ሊፈቀድ ይችላል። እኔ በበኩሌ በበሽተኛ አልጋ ራስ ላይ ቆሞ በአማርኛ መሳሳቅን አልደግፍም። እሱ የመብት ጉዳይ አይደለም፣ ነውር ነው።

አሁን የምነግራችሁ እኔም የወደቅሁበት ጉድጓድ ስለሆነ አስረዝመዋለሁ። እኛ ጎንደሬዎች በደል ሲደርስብን ለሽማግሌ እንነግራለን፣ ሽማግሌው ጉዳዩን ይዞታል ብለን በትዕግሥት እንጠብቃለን። አገራችን ላይ ትዕግሥቱ ያስከብራል። አሜሪካ ሄደን ኤችአር የሚባለውን የሠራተኞች አስተዳደር ቢሮ ሽማግሌ እናደርገዋለን። በቃል እንነግረዋለን፣ «እናጣራለን» ይለናል፣ እንጠብቃለን። ኤችአር የአሠሪው ሠራተኛ ነው። እሱ ሲያጣራ ደግሞ የሕጉ ቀን እየቆጠረ ነው። ኢኢኦሲ ለተባለው የፌዴራሉ ኮሚሽን ክስ ማቅረቢያው ድርጊቱ ከተፈጸመበት ቀን ጀምሮ 180 ቀን ነው። የስቴት ወይም የከተማ ተመሳሳይ መሥሪያ ቤት ባለበት ቦታ 300 ይሆናል፤ እናንተ ግን 180 ብላችሁ ቁጠሩ። በድርጅቱ ውስጥ ያቀረባችሁት አቤቱታም ሆነ በማኅበር የጀመራችሁት ሽምግልና ይህን ቆጠራ አያስቆመውም። ቀኑ ካለፈ እውነታችሁ በሙሉ እጃችሁ ላይ እያለ በሩ ይዘጋል።

ከዚያ የባሰ ሁለተኛ ወጥመድ አለ። በኮሚሽኑ ድረ ገጽ የምትሞሉት የመጀመሪያ ቅጽ ኢንኳየሪ ይባላል፤ ክስ አይደለም። ብዙ ሰው እሱን ልኮ ከሰስሁ ብሎ ይተኛል። ከዚያ በኋላ ቀጠሮ ይሰጣችኋል፣ ትጠየቃላችሁ፣ ቻርጅ የሚባለው ወረቀት ይዘጋጃል፣ ክስ የሚሆነው እሱን ስትፈርሙ ነው። ቀጠሮው ሊርቅ ስለሚችል በመጀመሪያው ወር ጀምሩ። ገንዘብ አይከፈልበትም፣ ጠበቃም ግድ አይደለም፤ ስልኩ 1-800-669-4000 ነው፣ አስተርጓሚ ጠይቁ። ኮሚሽኑ የመክሰስ ፈቃድ ደብዳቤ ከሰጣችሁ ደግሞ ፍርድ ቤት ለመሄድ 90 ቀን ብቻ አላችሁ። ደብዳቤው የድሮ አድራሻ ሄዶ የጠፋበት ሰው መከራ አያችሁም? ቤት በቀየራችሁ ቁጥር አሳውቁ። ድርጅቱ ከ15 ሰው በታች ከሆነ በዘር ለደረሰ በደል በ1866 የወጣው የቆየ ሕግ አለ፤ እሱ ግን በቀጥታ ፍርድ ቤት ስለሚሄድ ጠበቃ ይፈልጋል።

ለኤችአርም ቢሆን በቃል አትንገሩ። በተናገራችሁበት ቀን ማታ «ዛሬ ይህን ነገርኋችሁ» ብላችሁ በኢሜይል ላኩ፣ ቅጂውን በግል አድራሻችሁ ያዙ። ደብተር ግዙና ከቤታችሁ አስቀምጡት። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የሰማ ሰው፣ የተባለው ቃል ራሱ። ስድቡን ወደ አማርኛ አትመልሱት፤ በተነገረበት በእንግሊዝኛው፣ ፊደሉ ቢሳሳትም ጻፉት። ቀኑን እንደ እነሱ ወር አስቀድማችሁ ጻፉ፤ እናንተ ለሐምሌያቸው 5 ብላችሁ 05/07 ብትጽፉ እነሱ ሜይ 7 ብለው ያነቡታል። ሰዓቱም ያው ነው፣ የጠዋቱ ሁለት ሰዓታችን ለእነሱ ስምንት ነው። እንዲህ ያለች ትንሽ ስሕተት ሙሉ ቃላችሁን ታስጥላለች።

በስልክ ለመቅዳት አትቸኩሉ። ቨርጂኒያ፣ ዲሲ፣ ኮሎራዶና ሚኒሶታ ከተነጋጋሪዎቹ አንዱ ከፈቀደ ይበቃል፤ ያ አንዱ እናንተ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ሜሪላንድና ዋሽንግተን ስቴት ግን የሁሉንም ፈቃድ ይጠይቃሉ። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ የምትኖር እህታችሁ የቀዳችውን ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ብትቀዱ ወንጀለኛ ልትሆኑ ትችላላችሁ። የማስጠንቀቂያ ወረቀት ፈርሙ ስትባሉ ሳይገባችሁ አትፈርሙ። ቅጂ ጠይቁ፤ ግድ ካሏችሁ ከፊርማው አጠገብ «መቀበሌን ብቻ» የሚለውን በእንግሊዝኛ፣ «ሪሲቭድ ኦንሊ» ብላችሁ ጻፉ። በንዴት «ለቀቅሁ» ብሎ መውጣት ለተሳዳቢው ስጦታ ነው።

የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሐኪም ቤት አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለበት። «አይ ኒድ ኤን አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር» በሉ። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ እንዴት እላለሁ የሚለው ኩራት መድኃኒት ያሳስታል። የመድኃኒት መጠንና የፍርድ ቤት ቃል ላይ ፒኤችዲ ያለውም አስተርጓሚ ቢጠራ ነውር የለውም። ልጃችሁን አታስተርጉሙ፤ ከድንገተኛ አደጋ በቀር ሐኪም ቤቱም ለአካለ መጠን ያልደረሰን ልጅ እንዳያስተረጉም ተከልክሏል።

አሁን ደግሞ የማልታገሠው። የእኛ ሰው ገና ሦስት ወር ሳይሞላው የጥቁር አሜሪካውያንን አነጋገር «የተሰበረ እንግሊዝኛ» እያለ ሲያጣጥል ይሰማል። ይህን ከየት ተማርከው? «ሂ ቢ ዎርኪንግ» ስሕተት አይደለም፤ ዘወትር ይሠራል ማለት ነው። «ሂ ዎርኪንግ» ካሉ ደግሞ አሁን እየሠራ ነው። መደበኛው እንግሊዝኛ በአንድ ግስ የማይለየውን እነሱ ይለዩታል። ካሊፎርኒያ ያለው የኦክላንድ የትምህርት ቦርድ በ1996 ይህ አነጋገር የጥቁር ተማሪዎቹ ቋንቋ ነው ብሎ ወስኖ አገር ሲንጫጫ፣ የአሜሪካ የቋንቋ ሊቃውንት ማኅበር በጥር 1997 ይህ አነጋገር እንደ ማንኛውም ቋንቋ ሥርዓት ያለው መሆኑን በውሳኔ አጸና። ቅዳሜ ገበያ ላይ በባላገሩ አማርኛ የሳቀ ሰው ነው እዚያ ሄዶ በዚህ የሚስቀው፤ እሱ ላይ ሲሳቅበት ደግሞ ዘረኝነት ነው ይላል። እናንተን የሚጠብቀውን የ1964ቱን ሕግ ያመጡት እነዚሁ ሰዎች ናቸው፤ ደም ከፍለውበታል። ለሰሜንና ለምዕራብ አውሮፓ ያደላ የነበረውን የመግቢያ ኮታ የሻረው የ1965ቱ ሕግም በዚያው ማዕበል መጣ። መንገድ ላይ የሚያስቆማችሁ ፖሊስ «እኔ ሐበሻ ነኝ» ብትሉት ልዩነቱ አይታየውም። በዘፈን የሰማችሁትንም ያቺን በ«ኤን» የምትጀምር፣ ጥቁርን የምታዋርድ ስድብ፣ ጥቁር ጓደኞቻችሁ እርስ በርሳቸው ቢሉትም፣ እናንተ ከአፋችሁ አታውጡ።

የመጨረሻው ለወላጆች ነው። ልጅ ስታስመዘግቡ ቤት ውስጥ የሚነገረውን ቋንቋ የሚጠይቅ ቅጽ ይሰጣችኋል። ልጄ ዝቅ ተደርጎ ይታያል ብለው «እንግሊዝኛ» ብለው የሚሞሉ አሉ። ያኔ ልጁ የቋንቋ ፈተናውን አይፈተንም፣ የሚገባውን የእንግሊዝኛ ድጋፍ አያገኝም፣ ክፍል ውስጥ ዝም ሲል ሰነፍ ወይም የመማር ችግር ያለበት ተብሎ ይመዘገባል። ድጋፉን ካልፈለጋችሁት በኋላ በጽሑፍ እምቢ ማለት ትችላላችሁ። ቅጹ ላይ ግን «አምሃሪክ» ብላችሁ ሙሉ።