የአያቴ ጠገራ ብርና የሎሚው ጥፋት

ሳንቲም ማጽዳት የተማርኩት አበላሽቼ ነው። ደብረ ማርቆስ፣ ከአያቴ ሳጥን ሥር አራት ጠገራ ብር ተገኘ። ጠቁረዋል። እኔም አንዱን በሎሚና በአመድ ፈተግሁት። ቦግ አለ! አያቴ አየችና «ምነው ልጄ፣ ፊቷን ላጥሃት እኮ!» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ብሩ ላይ የተቀረጸችው የኦስትሪያ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ዘውድ ላይ ያሉት ዕንቁዎች ጠፍተዋል። ድሮ ገበያተኛው ብሩን የሚያምነው እነሱን አይቶ ነበር። ጠገራ ከ1000 እጁ 833ቱ ንጹሕ የብር ማዕድን ነው፤ የቀረው መዳብ። ሎሚው መዳቡን ይበላል፣ አመዱ ይፍቃል።

ስለዚህ ጥቁረቱን ተዉት። ብር ከአየር ጋር ሲቆይ የሚለብሰው ነው፤ ሰብሳቢም የሚወደው እሱን ነው። የሚነሳው አፈርና ቅባት ብቻ።

ለዚህ የባትሪ ውሃ ግዙ፣ ጋራዥ አካባቢ የሚሸጠውን የተጣራ ውሃ ማለቴ ነው። አሲዱን እንዳይሰጧችሁ ግን ደጋግማችሁ ጠይቁ! ብርና መዳብ ሳትቀላቅሉ፣ እያንዳንዱን ለየብቻ በብርጭቆ ዘፍዝፉ። ውሃው ሲደፈርስ ቀይሩ። ቅቤ የነካው ከሆነ አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሩና በኋላ አለቅልቁት። የጠገራ ጠርዝ ዙሪያውን የላቲን ፊደል አለው፤ አፈር የሚደበቀው እዚያ ነው። በእንጨት ስንጥር ቀስ እያላችሁ አውጡት። ማድረቅ ደግሞ በጥጥ ጨርቅ ጫን ጫን እያደረጉ ነው፤ ማሸት የለም።

የመዳብ ሳንቲም ሌላ ጣጣ አለው። ጠንካራ ሆኖ ላዩ ልሙጥ የሆነ አረንጓዴ ሽፋን ምንም አይደል። ፈዛዛ አረንጓዴ ዱቄት ሲረግፍ ካያችሁ ግን ጨውና እርጥበት እየበሉት ነው። ከሌሎቹ ለዩት፣ በደንብ አድርቁት፤ ካልቆመ ለባለሙያ አሳዩ።

ስታርሱ የአክሱም ሳንቲም ቢወጣስ? በፍጹም አትፈትጉት። አንዳንዱ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ስስ ወርቅ ተለብጦበታል፣ በብሩሽ ይነሳል። ደግሞም በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት እንዲህ ያለ ግኝት ለመንግሥት ይነገራል፤ ኪስ ውስጥ አይገባም።

ማስቀመጫው ወረቀት ይሁን። ለስላሳ ፕላስቲክ ከጊዜ በኋላ እያጣበቀ ያበላሻል። የጎጃም ክረምት ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ከአዲስ ጫማ ካርቶን የምትወጣውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት አትጣሏት፣ ሳጥኑ ውስጥ ጣል አድርጓት።

የቀሩት ሦስት ጠገራዎች እንዲሁ ተቀምጠዋል። የሳጥኑን ቁልፍ ግን አያቴ እስካሁን ለእኔ አትሰጠኝም።