ባረጀ ፒካፕ ላይ ፍሬን ሲሻሻልና የሞተር ሙቀት ሲመረመር የሚፈጸሙ ስህተቶች

የቸርችል ጎዳና ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር ሲወርዱበት የፍሬን፣ ጭነው ሲመለሱበት ደግሞ የሞተር መፈተኛ ነው። ቆጣሪው 300,000 ኪሎ ሜትር ያለፈ ፒካፕ የሚያሽከረክር ሰው ይህን ፈተና በየዕለቱ ስለሚያየው፣ ፍሬኑ ሲደክምበት ትልቅ ዲስክ፣ ሞተሩ ሲሞቅበት ደግሞ አዲስ ራዲያተር ለመግዛት ወደ ሶማሌ ተራ ይቸኩላል። ሁለቱም ችግሮች ግን በመሠረቱ የሙቀት ጉዳይ ናቸው፤ ሙቀቱ የት እንደተፈጠረና በምን ምክንያት መውጫ እንዳጣ ሳይለካ የሚገዛ ዕቃ ብዙ ጊዜ የተበላሸውን ትቶ ደህናውን ይተካል።

ከሁሉ በፊት የማነሳው ስህተት ሁለቱን ችግሮች የማይገናኙ አድርጎ ማየት ነው። የራሴ ፒካፕ ከሜክሲኮ ወደ ፒያሳ ሲወጣ ይሞቅ ስለነበር ራዲያተሩን አስወርጄ አሳጥቤ፣ ቺንጋውንም አስቀይሬ ለውጥ ሳላይ ቀረሁ። በኋላ እንደታየው የፊት ግራ ካሊፐር (ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጨብጠው ክፍል) ፒስተን ዝጎ ሸራውን ከዲስኩ ላይ አላላቅቅ ብሎ ነበር፤ ሞተሩም ከዳገቱ ሌላ የገዛ ፍሬኑን እየጎተተ ይወጣ ነበር። ይህን ለመለየት የሚያስፈልገው ሜዳ መንገድ ላይ ጥቂት ነድቶ፣ ፍሬን እምብዛም ሳይነኩ ቆሞ፣ መዳፍን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ ሳይነኩ በማስጠጋት ሙቀቱን ማወዳደር ብቻ ነው። አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ከጋለ መኪናውን በክሪክ አንሥቶ ጎማውን ማሽከርከር ይገባል፤ ከብዶ የሚዞር ከሆነ ካሊፐሩ ላይ ያለው የአየር ማውጫ ብሎን ሲከፈት የሚሆነውን መመልከት ነው። ዘይቱ ተፈናጥሮ ጎማው ከለቀቀ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ከውስጥ ያበጠው የፍሬን ቱቦ ነው፤ ካልለቀቀ ፒስተኑ ወይም የካሊፐሩ መንሸራተቻ ፒኖች ናቸው።

ይህ ምርመራ ሳይደረግ ትልቅ ዲስክና ባለብዙ ፒስተን ካሊፐር መግጠም ሁለተኛው ስህተት ነው። የነበረው ፍሬን በደረቅ አስፋልት ላይ ጎማዎቹን እስከ መቆለፍ የሚይዝ ከሆነ፣ የአንድ ጊዜ ማቆሚያ ርቀትን የሚወስነው ጎማው መሬቱን የሚጨብጥበት አቅም እንጂ የዲስኩ ስፋት አይደለም፤ ሊሾ በሆነ ጎማ ላይ ትልቅ ዲስክ መግጠም ገንዘብ ማባከን ነው። ትልቁ ዲስክ የሚጠቅመው በተደጋጋሚና በረጅም ቁልቁለት የሚፈጠረውን ሙቀት ለመሸከም ነው። ያም ቢሆን ዋጋ አለው። የካሊፐሩ ፒስተኖች ሲሰፉ ማስተሩ (በፔዳሉ የሚገፋው ዋና ሲሊንደር) የሚልከው ዘይት ስለማይበቃቸው ፔዳሉ ወደ ታች ይረዝማል፤ የፊቱ ብቻ ሲጠነክር ደግሞ በፊትና በኋላ ፍሬኖች መካከል የነበረው ሚዛን ይዛባል።

ፔዳሉ ደርቆብኛል ለሚል ሰው ሸራ መቀየርም እንዲሁ የችኮላ ሥራ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊቷ ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። የፍሬን ሰርቮ (የእግርን ግፊት የሚያግዘው ክፍል) የሚሠራው በውጭ አየርና በውስጡ ባለው ባዶ ግፊት ልዩነት በመሆኑ፣ ሊሰጥ የሚችለው ከፍተኛ እገዛ እዚህ በሩብ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ በዝቅተኛ ቦታ ሳይታወቅ የሚቀር ስንጥቅ የቫኪዩም ቱቦ ወይም የደከመ ቫኪዩም ፓምፕ እዚህ ቶሎ ይሰማል። ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉን እስኪደርቅ አምስት ስድስት ጊዜ መርገጥ፣ ከዚያ እንደተረገጠ ሞተሩን ማስነሳት ነው፤ ፔዳሉ ጥቂት ወደ ታች ካልወረደ ምርመራው ከቱቦው ጀምሮ፣ በብዙ የናፍታ ሞተሮች ከዲናሞው ጀርባ እስከተገጠመው ፓምፕ ድረስ መሄድ አለበት።

እኔ እንደማየው በከተማችን ፒካፖች ላይ እጅግ የተዘነጋው ጉዳይ የባሌስትራ (የኋላውን አክስል የሚሸከመው የብረት ቅጠል ሞላ) ነው። ጭነት የሚያበዛ ባለቤት ከኋላ አንድ ሁለት ቅጠል ባሌስትራ ያስጨምርና መኪናው ከፍ ብሎ ሲቆም ይደሰታል። ይሁን እንጂ በብዙ ፒካፖች፣ የቆየ ቶዮታ ሃይሉክስንም ጨምሮ፣ ከኋላው አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘ፣ በሻሲውና በአክስሉ መካከል ያለውን ርቀት እያየ ለኋላ ፍሬን የሚሄደውን ግፊት የሚወስን ቫልቭ አለ። ርቀቱ ሲሰፋ ቫልቩ መኪናው ባዶ እንደሆነ ስለሚቆጥር ግፊቱን ይቀንሳል፤ ባሌስትራ የተጨመረለት መኪና ደግሞ ሙሉ ጭነት ተሸክሞም ከፍ ብሎ ስለሚቆም፣ የኋላው ፍሬን በጣም በሚፈለግበት ሰዓት ይሰንፋል፤ ሸክሙም ሁሉ በፊቱ ሸራ ላይ ይወድቃል። የፊት ሸራ ቶሎ ያልቅብኛል የሚለው ቅሬታ ከዚህ ሊመጣ ይችላል። ባሌስትራ ሲጨመር የዘንጉ ማስተካከያ በአምራቹ መመሪያ መሠረት አብሮ መስተካከል አለበት፤ ቫልቩ ዝጎ እንደተጣበቀም በዚያው ይታያል።

የፍሬን ዘይትን እስኪጎድል ብቻ መጠበቅ ሌላው ነው። ዘይቱ እርጥበት ከአየር ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ ገደማ ይቀየራል። ዶት 3 የተባለውን ደረጃ የሚያሟላ ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውሃ ሲስብ ግን ይህ ገደብ ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ዶት 4 በተመሳሳይ ሁኔታ ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። ቁጥሮቹ ከመንገዱ ጋር ሲነጻጸሩ ይበልጥ ይገባሉ፤ 2.5 ቶን የሚመዝን መኪና ከእንጦጦ 500 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ ወደ ሙቀት የሚቀየረው ኃይል 40 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ሹፌሩ ነዳጅ ለመቆጠብ ዜሮ ማርሽ ላይ ከወረደ ይህን ሙቀት ከሞላ ጎደል የሚሸከመው ፍሬኑ ብቻ ነው፤ በቁልቁለት ወለል የነካ፣ ቀዝቅዞ ሲያድር ግን ደህና የሚመስል ፔዳልም ዘይቱ እንደፈላ የሚያመለክት ምልክት ነው። ሲሊኮን የሆነው ዶት 5 ከእነዚህ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀልም፤ የሞተር ዘይት ጠብታ ደግሞ ጎሚኒዎቹን ያሳብጣል።

ከበሮውንና ዲስኩን በላያቸው ከተቀረጸው ገደብ አሳልፎ ማስጠረብ፣ አቧራውን በኮምፕሬሰር መንፋት፣ አዲስ ሸራ እንደተገጠመ ሳያላምዱ ጭኖ መውጣት፤ እነዚህ ብዙ ማብራሪያ አያሻቸውም።

ወደ ሞተሩ ስንመጣ፣ «ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው» የሚለው ምክር አሁንም አልጠፋም፤ ቴርሞስታት ወደ ራዲያተሩ የሚሄደውን ውሃ እንደ ሙቀቱ የሚከፍትና የሚዘጋ ቫልቭ ነው። አገሩ ሞቃት ነው ይባላል፤ የአዲስ አበባን የሐምሌ ጠዋት የሚያውቅ ሰው ይህን እንዴት እንደሚል ይገርመኛል። በአንዳንድ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሲከፈት ውሃው ራዲያተሩን ሳይነካ የሚመለስበትን መተላለፊያ ጭምር ይዘጋል፤ ቴርሞስታቱ ሲወጣ መተላለፊያው ክፍት ስለሚቀር ከውሃው ከፊሉ ሳይቀዘቅዝ ይመለሳል፤ በዳገትም ሙቀቱ ይብስበታል። መጠርጠሩ ካልቀረ አውጥቶ ከቴርሞሜትር ጋር ድስት ውስጥ ማፍላትና በላዩ በተጻፈው ዲግሪ መከፈቱን ማየት ይሻላል።

የራዲያተር ክዳንን እንደ ተራ ክዳን መቁጠርም ከዚህ አያንስም። በእኛ ከፍታ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ሞተሩ በጤናው የሚሠራበት ሙቀት ደግሞ ከዚያ ብዙ አይርቅም። ውሃው እንዳይፈላ የሚያደርገው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ሲሆን፣ 0.9 ባር የሚይዝ ክዳን የመፍያውን ነጥብ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ጎሚኒው የደረቀ ክዳን ያለው መኪና ሌላ ሕመም ባይኖርበትም እዚህ ሊያፈላ ይችላል፤ ስለዚህ ራዲያተር ከመግዛት በፊት የሚቀየረው ይህ ርካሽ ዕቃ ነው።

ሞተሩ የሞቀበትን ሁኔታ ሳይመዘግቡ ጋራዥ መግባት መካኒኩን ለግምት ይዳርገዋል። በመጨናነቅ ቆሞ የሚሞቅና ሲነዳ የሚቀዘቅዝ መኪና በአብዛኛው የአየር ፍሰት ችግር አለበት፤ የቬንትሌተሩ ክላች ደክሟል ወይም የአየር መሰብሰቢያው ፕላስቲክ ወልቆ ቀርቷል። በዳገት ወይም በፍጥነት መንገድ ብቻ የሚሞቀው ደግሞ የተደፈነ ራዲያተር ወይም ምላጩ ያለቀ የውሃ ፓምፕ ሊኖረው ይችላል። ከቀዝቃዛ ሞተር በተነሳ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ማኒኮቶ (የራዲያተሩ ጎማ ቱቦ) በግፊት እንደ ድንጋይ ከጠነከረ ግን የቴስታታ ጋስኬት (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መካከል ያለው ማሸጊያ) ይጠረጠራል፤ ያኔም ቴስታታ ከመውረዱ በፊት፣ የቃጠሎ ጋዝ ሲነካው ሰማያዊ ቀለሙን በሚለውጠው ፈሳሽ ማረጋገጥ ይገባል። በዳሽቦርዱ ጌጅ ብቻ መታመንም አያዋጣም፤ ውሃው ሙሉ በሙሉ ሲጎድል ሴንሰሩ ደረቅ ላይ ስለሚቀር ቀስቱ ወደ ቀዝቃዛ ሊመለስ ይችላል።

በጋለ ሞተር ላይ ክዳን መክፈት ፊትን ያቃጥላል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስም ቴስታታውን ይሰነጥቃል። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ኩላንት ሲሞላ ደግሞ ውስጡ የቀረው አየር እንደ አዲስ ሕመም እንዳይቆጠር፣ መኪናውን አፍንጫው ወደ ዳገቱ እንዲያይ አቁሞ፣ ጎማውን በድንጋይ አስደግፎ፣ የክፍሉን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ከፍቶ፣ አረፋው እስኪያቆም ቀስ እያሉ መሙላት ነው።