የኦክሲሜትሩ ቁጥር ሲወርድ፦ ለወሎ ኦፕሬሽን ክፍሎች የሥራ መመሪያ

ላይፍቦክስ የተባለው በጎ አድራጎት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ሲቋቋም የተነሣበት ጉዳይ ግልጽ ነበር፤ ያለ ፐልስ ኦክሲሜትር (በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅንና የልብ ምትን የሚለካ መሣሪያ) ማደንዘዣ የሚሰጥባቸው ኦፕሬሽን ክፍሎች መሣሪያውንና ሥልጠናውን አንድ ላይ እንዲያገኙ ማድረግ። ሁለቱን መነጠል አይገባም። መሣሪያው መጮህ እንጂ ማዳን አይችልም፤ የሚያድነው አላርሙን ሰምቶ ቀጥሎ የሚደረገውን የሚያውቅ ሰው ነው።

ፕሮቡን (ጣት ላይ የሚገጠመውን የመሣሪያውን ክፍል) ታካሚው ጠረጴዛው ላይ እንደወጣ፣ ኦክስጅን ሳይጀመር ግጠሙና የመጀመሪያውን ቁጥር ጻፉ። ወሎ ላይ ይህ ይበልጥ ያስፈልጋል። ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር፣ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ ደላንታ ደግሞ ከዚያም ይልቃል። ከፍታው በጨመረ ቁጥር የጤነኛ ሰው ሳቹሬሽን (ደሙ የተሸከመው ኦክስጅን በመቶኛ) ጥቂት ነጥብ ዝቅ ሊል ይችላል። መነሻው ካልተጻፈ፣ በኋላ 91 ሲመጣ ከስንት እንደወረደ የሚያውቅ የለም። ኦክስጅን እየተሰጠው ማደንዘዣ ላይ ላለ ታካሚ ግን ከፍታ ሰበብ አይሆንም፤ 95ና ከዚያ በላይ መሆን አለበት። 94 እና ከዚያ በታች ፈጥኖ እርምጃ ይፈልጋል፣ ከ90 በታች ደግሞ ድንገተኛ አደጋ ነው። በተጨማሪም ቆዳቸው ጠቆር ባለ ሰዎች ላይ መሣሪያው ከእውነቱ ከፍ ያለ ቁጥር ሊያሳይ ስለሚችል፣ 93 አይታችሁ አትዘናጉ።

ፕሮቡ የሚሠራው ቀይና ኢንፍራሬድ ብርሃን በጣት ውስጥ አሳልፎ ነው፤ ስለዚህ ብርሃኑን የሚያግድ ነገር ሁሉ ቁጥሩን ያበላሻል። የጥፍር ቀለም በአሴቶን ይለቀቅ። ሂና ግን አይለቅም፣ ጠቆር ያለው ደግሞ ንባቡን ሊያውክ ይችላል። «አብሽሪ እህቴ፣ እስቲ ጣቶችሽን ልያቸው» ብላችሁ ያልተቀባውን ጣት ፈልጉ፤ ከጠፋ ለጆሮ የተሠራውን ፕሮብ በጆሮ ጫፍ ላይ፣ ወይም የጣቱን በእግር ጣት ላይ ሞክሩ። የደሴ ክረምት እጅ ያቀዘቅዛል፤ በቀዘቀዘ ጣት ደም በደንብ ስለማይዘዋወር ምልክቱ ይደክማል፣ ስለዚህ እጁን ሸፍኑና አሙቁት። የደም ግፊት ካፉን በሌላኛው ክንድ እሰሩት፤ በአንድ ክንድ ከሆኑ ካፉ በተነፋ ቁጥር ምቱ ይጠፋና አላርሙ በከንቱ ይጮሃል። የኦፕሬሽን መብራት ፕሮቡ ላይ ካረፈ በጨርቅ ጋርዱት። መሣሪያው ላይ የሚታየው የምት ሞገድ እኩል እኩል ሳይመታ ቁጥሩን አትመኑ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው ባለ 19 ነጥቡ የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ቼክሊስት፣ ማደንዘዣ ከመሰጠቱ በፊት ኦክሲሜትሩ ታካሚው ላይ ሆኖ እየሠራ መሆኑን ይጠይቃል። ጥያቄው ጮክ ተብሎ ይነበብ፣ መልሱም ጮክ ተብሎ ይሰማ። ሥራው ካለቀ በኋላ የሚሞላ ቼክሊስት ማንንም አይጠብቅም።

ቁጥሩ ሲወርድ

ብዙዎች መጀመሪያ ፕሮቡን ይነቀንቃሉ። ይህ አደገኛ ልማድ ነው። ታካሚው በእርግጥ ኦክስጅን አጥቷል ብላችሁ ተነሡ፤ መሣሪያውን መጠርጠር መጨረሻ ላይ ነው። ለቀዶ ሐኪሙ ንገሩ፣ እርዳታ ጥሩ፣ ኦክስጅኑን መቶ በመቶ አድርጉ፣ ከዚያ በቅደም ተከተል ሂዱ።

የአየር መንገዱን እዩ። የመተንፈሻ ቱቦ ካልገባለትና ካንኮራፋ፣ አገጩን ቀና፣ መንጋጋውን ወደ ፊት አድርጉ። ኬታሚን ምራቅ ያበዛል፤ ሰክሽኑ (ምራቅ መምጠጫው) በርቶ እጃችሁ አጠገብ ይሁን።

አተነፋፈሱን እዩ። ደረቱ በሁለቱም ጎን እኩል ይነሣል? በስቴቶስኮፕ ሁለቱንም አዳምጡ። ድምፁ በቀኝ ብቻ ከተሰማ ቱቦው ጠልቆ ሊሆን ስለሚችል ትንሽ ሳቡት። እዚህ ላይ ኦክሲሜትር የማይነግራችሁ ነገር አለ። ቱቦው በስሕተት ጉሮሮ ወርዶ ወደ ምግብ ቧንቧ ቢገባ፣ አስቀድሞ ኦክስጅን የጠገበ ታካሚ ቁጥሩ ለደቂቃዎች ሳይወርድ ሊቆይ ይችላል። የቱቦውን ቦታ በ98 አታረጋግጡ፤ ካፕኖግራፍ (በሚወጣው ትንፋሽ ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለካ መሣሪያ) ካለ እሱን ተጠቀሙ።

ቀጥሎ የደም ዝውውር፦ ምቱን በእጃችሁ ዳስሱ፣ የደም ግፊት ለኩ፣ ምን ያህል ደም እንደፈሰሰ ጠይቁ። በኦፕሬሽን የምትወልድ እናት ሕፃኑ እስኪወጣ ወደ ግራ ዘንበል ትበል። መድኃኒቱንም አስቡ። ስፓይናል (በጀርባ በኩል የሚወጋ ማደንዘዣ) የተሰጣት እናት እጇ ከዛለና ድምፅዋ ከሳሳ ማደንዘዣው ወደ ላይ ወጥቷል፤ ሳትዘገዩ በአምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚሰጥ ከረጢት) አግዟት።

በመጨረሻ መሣሪያዎቹን ፈትሹ። መብራት ሲጠፋ ኮንሰንትሬተር (ኦክስጅንን ከአየር የሚያጣራው መሣሪያ) ይቆማል፤ ጄኔሬተሩ እስኪነሣ የሚያሻግር ሙሉ ሲሊንደር መኖሩን ጠዋት ጌጁን አይታችሁ አረጋግጡ። የተላቀቀ ቱቦ ካለ ግጠሙ። ፕሮቡን የምትጠረጥሩት አሁን ነው፤ ራሳችሁ ጣት ላይ አድርጋችሁ ሞክሩት።

የአላርሙን ድምፅ አትዝጉ። ሳቹሬሽን ሲወርድ የምቱ ድምፅም እየወፈረ ስለሚሄድ፣ ዓይናችሁ ሌላ ቦታ ቢሆን እንኳ ጆሮ ይሰማዋል።

ፕሮቡ ቶሎ የሚበጠሰው ኬብሉ ከፕሮቡ በሚገናኝበት ላይ ነው፤ ላላ አድርጋችሁ ጠቅልሉት፣ መሣሪያው ላይ አጥብቃችሁ አትጠምጥሙት። አልኮል በነካ ጨርቅ ይጠረግ፤ ውኃ ውስጥ አይነከር፣ አውቶክሌቭ (በእንፋሎት ማምከኛ) አይግባ። ሌሊት ቻርጅ ላይ ይደር እንጂ ቁልፉ አንድ ሰው ኪስ ባለበት ቁም ሣጥን ውስጥ አይቆለፍበት፤ አስቸኳይ ቄሳርያን ከሌሊቱ ስምንት ሰዓትም ይመጣል። ታካሚው ወደ ማገገሚያ ሲወጣም ኦክሲሜትሩ አብሮት ይሂድ፣ በደንብ እስኪነቃም ከጣቱ አይነሣ። ለቀጣዩ ታካሚ ሌላ ከሌለ፣ ቀጣዩ ይጠብቅ።